የነዋሪዋ ልጅ፦ የከተማ ፕላን ፕሮፌሰሩ የሕይወት ታሪክ

ፕሮፌሰሩ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከእናታቸው በ1943 ዓ.ም. ከገበያው በታች ባለው ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ባላት ቤት ተወለዱ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሰውን ዕቃ ቦታ ቦታ ማስያዝ ይወዱ ነበር። የራሳቸውን አልጋ ግን የምታነጥፍላቸው ታናሽ እህታቸው ነበረች። ይህን የምትጽፈውም እሷው ናት፤ ሙት ወቃሽ አያድርጋት።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጀምረው፣ በውጭ አገር በከተማ ፕላን ዶክትሬታቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያም ሠላሳ ዓመት በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው «አጥፋው» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው፤ የማንንም ንድፍ በቅጡ ሳያዩ የሚናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበርና። «መንገድ ከመሳላችሁ በፊት በእግራችሁ ሂዱበት» እያሉ ያስተምሩ ነበር። እሳቸው ከመኪና የሚወርዱት ሪባን ሲቆረጥ ብቻ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። መምህርት የሆኑት ባለቤታቸው አንዲት ወንበር እንኳ ያለ እሳቸው ፈቃድ ከቦታዋ አላነቃነቁም።

በማማከር ሥራ ስማቸው ገነነ። በ1996 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱ የተወለዱበትን ሰፈር እንዲያጠኑ ሲጠይቃቸው፣ አንድም ቀን ሳይረግጡት፣ መጋረጃው በተዘጋ ቢሮ ውስጥ አጥንተው ጨረሱ። ጥናቱ ለሕዝብ በቀረበ ዕለት እናታቸው ልጃቸው ሲናገር ለማየት የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ቤታችን የቱ ጋ ነው?»

ፕሮፌሰሩ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካርታ ጠቆሙ። «ይሄ አረንጓዴው።»

«እኔ አረንጓዴ ቤት የለኝም።»

አዳራሹ ሳቀ። ፕሮፌሰሩ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «የነዋሪዋ ጥያቄ በጽሑፍ ይቅረብ» አሉ።

እናታቸው መጻፍ አይችሉም፤ ይህንንም ፕሮፌሰሩ ያውቃሉ። እናት «ስምህንም ያወጣሁልህ በቃል ነው» ብለው ተነሥተው ወጡ።

ቤቱ ፈረሰ። ለእናት ምትክ የተሰጣቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት በሌለው፣ ንድፉን ፕሮፌሰሩ ገምግመው ባጸደቁት ሕንፃ። ጉልበታቸው እምቢ ስላለ መሬት ሳይረግጡ ሁለት ክረምት ኖሩ። በሞቱ ጊዜ የሬሳ ሳጥኑ በደረጃው መታጠፊያ አላልፍ ስላለ፣ ተሸካሚዎቹ ቀጥ አድርገው አቁመው አወረዱት። ታች ቆመው ሲያዩ የነበሩት ፕሮፌሰር የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስፋቱ እኮ በመስፈርቱ መሠረት ነው።»

እህታቸው ለዓመታት አላነጋገረቻቸውም። እሳቸው ግን በዚያው ዓመት ምርጥ አማካሪ ተብለው ተሸልመዋል፤ ዋንጫው ዛሬም ሳሎናቸው ውስጥ ተገትሯል።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ያዛቸው። ልጆቻቸው ሥራ ስለበዛባቸው ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸው እህታቸው ሆነች። አንድ ቀን ሲመለሱ «እህቴ፣ እስቲ ወደ ቤት ውሰጂኝ» አሏት። የቱ ቤት እንደሆነ አልጠየቀችም።

አረንጓዴው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። በከዘራቸው አስፋልቱን እየነካኩ «የእማዬ ደፍ እዚህ ጋ አልነበር?» አሉ።

«ወደ ግራ ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው።

ወደ ግራ ሄደው ቆሙ። ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ። «አባባ፣ መኪና ሊወጣ ነው፤ ዞር ይበሉ!»

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከሩ ዞር አሉ። እንባቸው ሲወርድ እህታቸው አይታለች፤ ክንዳቸውንም ይዛለች። ንቀቷ ግን በአንድ ቀን እንባ አልታጠበም።

ፕሮፌሰሩ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና አፏ የማያርፍ እህታቸውን ትተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። የዚያኛው ቤት ፕላን ዓለም ሳይፈጠር የጸደቀ ነውና፣ አደራ፣ ማንም አስተያየት እንዳይጠይቃቸው።