የአንድ ሰው ድርሻ

ለናፍቆቷ ልክ ላጣሁላት እናቴ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አክስቴ ደህና ናት? የኤል ፓሶ አቧራ ዓይን ማጥፋቱን አልተወም? እኔ ቁመቴ ጨምሯል፣ አመሌ ግን ያው ነው። ስልክሽን ስለማታነሺ ነው እስክሪብቶ የጨበጥኩት። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ጥሎ የወጣ ልጅ ነው የሚጽፍልሽና መስመሩ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ አትፍረጂበት።

ሳላዞር ልንገርሽ። አባዬ ልቡ ደክሟል። ደከመ ስልሽ እንደ ድሮው ከጥጥ ፋብሪካው ሲመለስ ሶፋው ላይ ዘፍ እንደሚለው አይደለም። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎታል። ጋደም ካለ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያድረው። ክሊኒኩ ጨው የሚባል ነገር እንዳይቀምስ ብሏል። እሱ ደግሞ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሚበላው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ባቄላ፣ ቂጣና አይብ ተደራርቦ የተጋገረበትን፣ በካርቶን ታሽጎ ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ የሚሸጠውን የሜክሲኮ ካሰሮል። አዎ፣ ያንቺኑ። አትቆጪ፣ አልሳቅሁም። እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ።

ምን ላድርግ እማዬ? አያቶቿ ከሜክሲኮ፣ ከቺዋዋ የመጡ ሴት፣ የበቆሎ ቂጣ በመዳፏ እየጠፈጠፈች ያደገች ሴት፣ ፋብሪካ የሠራውን በረዶ የሆነ ምግብ ገዝታ፣ አበባ ባለው የመስታወት ሳህኗ ላይ ገልብጣ፣ ድንብላል ቅጠል በትናበት የሰበካውን ሰው ሁሉ ጣቱን ስታስልስ! ሚስ ዳርሊን አሠራሩን አሳዪኝ ብላ ስትለምንሽ «የእናቴ አደራ ነው» እያልሽ ስትምይ! እኔ የመንደሩ ቀልደኛ ነኝ እያልኩ ስኩራራ ለካ በቀልድ የምትበልጠኝ ማድቤት ውስጥ ነበረች።

ጎረቤታችን ዶኛ ኦፌሊያ ከቆሻሻችን ውስጥ ካርቶኑን አውጥታ የሰበካው እራት ላይ ይዛው የገባች ቀን ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺን ከቤት ያስወጣሽ ግን የአባዬ ሳቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ፈርጄበት ነበር፤ ለወራት አኩርፌዋለሁ።

አሁን ስለ ምግቡ። የካርቶኑን ጀርባ አነበብኩ። ፕሮቲን አለው፣ ካልሲየም ከአይቡ አለው፣ ባቄላው ደግሞ ለሆድ ጥሩ ነው። ጨዉም ሰው በቀን ከሚፈቀድለት ሲሶውን ብቻ ነው። ደስ ብሎኝ ካርቶኑን ይዤ ክሊኒክ ሮጥኩ። የምግብ ባለሙያዋ ሚስ ራንዳ አየችውና፣ «ይሄ እኮ የአንድ ሰው ድርሻ ነው። ካርቶኑ የስንት ሰው ነው?» አለችኝ። «የአንድ፣ የአባቴ» አልኳት። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። ጣቷን አንዲት ደቃቃ ጽሑፍ ላይ አሳረፈች፤ ለካ ለአምስት ሰው ነው። ቁጥሩ ሁሉ ለአንድ አምስተኛው ነበር፤ አባዬ ግን ድስቱን ጠርጎ ነው የሚነሳው። «ለጤነኛ አልፎ አልፎ ቢበላው ግድ የለም» አለች፤ «ልቡ ለደከመ ሰው ግን ጨው ውሃ ይጠራል። ውሃው መጀመሪያ እግር ላይ ይቀመጣል፣ ኋላ ሳንባ ላይ ይወጣል።» ያኔ ሳቄ ከዳኝ።

ካርቶኖቹን ደበቅሁበት። በዚያ እግሩ እየተጎተተ ሱቅ ሄዶ ገዛ። በእጄ ሠራሁለት፤ ባቄላ፣ ቂጣ፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ያለ ጨው። አንዴ ጎረሰና፣ «ልጄ፣ ይሄ ምግብ ነው ወይስ ንስሐ?» አለኝ። ተናደድኩ። ታውቂኛለሽ፣ ስናደድ ተንኮል ይመጣልኛል። ባዶ ካርቶን ፈልጌ የሠራሁትን ከነትሪው ከተትኩና አፉን በሙጫ አሽጌ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩ። እሱ ፊት ከፍቼ አሞቅሁለት። ቀመሰ። ማንኪያውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ካርቶኑን አሳምረህ አሽገሃል። እናትህ ግን ሳህኑን ነበር የምታሳምረው» አለኝ።

እማዬ፣ የሰበካው እራት በሚኖርበት እሁድ ማለዳ አባዬ ጓሮ በርሜሉ ውስጥ የሚያነደው ነገር ትዝ ይልሽ የለ? «የቅጠል ጥራጊ» እያለ? በዚህ አገር ዛፍ የት አለና ነው ቅጠል የሚጠረገው! ለካ ማንም እንዳያየው ካርቶንሽን ነበር የሚያቃጥለው። ያቺ ኦፌሊያ ካርቶኑን ያገኘችባት እሁድ ግን እግሩ ማበጥ ጀምሮት ጠዋት ከአልጋ አልተነሳም ነበር። ታዲያ ለምን ሳቅህ ብዬ ጮህኩበት። «ኦፌሊያ ያንን ካርቶን እንደ ቄስ ሽቅብ ከፍ አድርጋ ስትቆም አይተሃታል? በሷ ነው የሳቅሁት፤ እናትህ ግን በራሷ የሳቅሁ መስሏት ሄደች» አለኝ። ለምን አትነግራትም ስለው መስኮቱን አየ። እኔ ሁለታችሁንም የወለደ ሰው መስዬ መሀላችሁ ቆሜአለሁ።

ይኸው አሁን የምጽፍልሽ ከሆስፒታል ነው። ሚስ ራንዳ ያለችው ውሃ ሳንባው ላይ ወጣ። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና ሩቅ ያለ ቤተሰብ ካለ ጥራ አለኝ። ይኸው እየጠራሁ ነው። ትናንት እህል አልቀምስ ብሎ መላ ሲጠፋኝ፣ ያንን ስደብቅበት የኖርኩትን ነገር ራሴ ገዝቼ፣ ራሴ አሙቄ፣ በጃኬቴ ሸፍኜ አስገባሁለት። ጨው ይሁን መርዝ ይሁን ብቻ ይብላ ብዬ። ነርሷ ሽታው ሸቷት አይታ እንዳላየች ሆነች። ያ ነው ያስፈራኝ፤ ብትከለክለኝ ይሻለኝ ነበር።

በማንኪያ ወደ አፉ ሳስጠጋለት ፊቱን አዞረ። «ለናትህ አስቀምጥላት፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ርቧት ነው የምትመጣው» አለ።

ትመጣለች ብዬ አልነገርኩትም። አትመጣም ለማለትም ምላሴ አልታዘዘኝም። እኔ፣ ምላሴ ለማንም የማይሰንፈው!

ከኤል ፓሶ ማታ ማታ የሚነሳ አውቶቡስ አለ፤ ሲነጋ እዚህ ይደርሳል። በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። መንገድ ላይ ምንም እንዳትበይ፣ እባክሽ፣ ርቦሽ ነይ።

የጓዳሉፔ እመቤታችን መንገድሽን ታቅናልሽ፣ ዓይኑ ላይ ታድርስሽ፣ ለእኔም ሁለታችሁን ታኑርልኝ።

አስቸጋሪው ልጅሽ