የአንገቴ ዕድሜ

ጥር 12
«የአንገት አጥንቱ መሰንጠቅ በዕድሜ ምክንያት የመጣ እንጂ ከፓራሹት ዝላዩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።»
የክበባችን ደብዳቤ። ከነማኅተሙ። ሊቀመንበሩ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆነው? ከወንበሩ ከፍ ካለ ቦታ ዘሎ የማያውቅ ሰው...
ጠዋት ሥራ ገባሁ። ሻይ በስትሮ ጠጣሁ። የአንገት ድጋፉ ቀና ለማለት አያስችልም።

ጥር 14
ሐኪሟ ዘንድ። ዕድሜ ነው ወይ አልኳት። ዕድሜ ያሳሳል እንጂ በአንድ ሰከንድ አይሰነጥቅም አለች። ሁለቱ ጣቶቼ ዛሬም ደንዝዘዋል። ስለ መዝለል ልጠይቅ ስል አላስጨረሰችኝም።

ጥር 15
ባለቤቴ ደብዳቤውን አነበበች። «ሃምሳ ስድስት ሞልቶህ የለ እንዴ? ምኑ ነው ውሸቱ?» ብላ ሳቀች። እኔ ስስቅ ያመኛል።

ጥር 17
ፓራሹት ማጠፊያው አዳራሽ ሄድኩ። አጣፊው ሲያየኝ አቀረቀረ። የተጎዳሁ ዕለት ዝናብ ሳይመጣ አጥፎ ለመጨረስ ተጣድፎ እንደነበር ነገረኝ። ፓራሹቱ ባንዴ እንዳይከፈት ገመዶቹን ሰብስቦ የሚይዝ ጨርቅ አለ፤ እስከ ላይ ሳይገፋው አጠፈ። ሲከፈት አንገቴን እንደ ጅራፍ ያስጮኸው ይኸው ነው።
ጮህኩበት። ሳይፈተሽ ማን አሳለፈው? የፍተሻ ካርዱን ሰጠኝ።
«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እኮ። ወረፋው እንዳይጓተት ብለው ጠዋት ባዶ ካርድ ላይ ፈርመው ሰጡኝ።»
ፊርማዬ ነው። ዋናው ፈታሽ... ሌላውን ሲሰድብ የሚውል ፈታሽ።
በዚሁ ካርድ ካለፉት ስንት ቀሩ? ስድስት። ታጥፈው፣ በእኔ ፊርማ አልፈው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ጀማሪዎች ይዘሉባቸዋል። ፍታቸው አልኩት። ያለ ሊቀመንበሩ ትእዛዝ አልችልም አለ፤ ከተጎዳሁ ወዲህ እኔ አላዝም።

ጥር 18
ለሊቀመንበሩ የላክሁት፣ ቃል በቃል፦
«የአጥንት ሕክምናውን ለሐኪሞች ይተዉልን። አንገቴን የሰበረው ያልተፈተሸ ፓራሹት ነው። ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ካርዱ ተያይዟል፤ ከፈታሽነት ያንሱኝ። በዚያው ፊርማ ያለፉት ስድስቱ ተፈትተው፣ ሌላ ፈታሽ በዓይኑ እያየ ይታጠፉ። ካልሆነ ቅዳሜ አውሮፕላኑ በር ላይ ቆሜ ካርዱን ለጀማሪዎቹ አነብላቸዋለሁ። መፈታታቸውን እስከ ዓርብ ጥር 21፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ በጽሑፍ ያሳውቁኝ።»