ጥጆቹን ትተን የነዳናቸው ላሞች

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ጎረቤቱ፣ ፍየሎቹ፣ ያ ነካሽ ውሻችንም ሳይቀር ደህና ናቸው? እኔ ጤና ነኝ፤ ጤና ማለት ቆሞ መሄድ ከሆነ። ናፍቆትሽ ግን ከዚህ በረሃ ሙቀት ይብስብኛል።

እስከ ዛሬ የደረሰሽን ደብዳቤ ሁሉ ሌላ ሰው ሲጽፍልኝ ነበር። ይህን የጻፍኩት ግን እኔው ልጅሽ ማሲሎ ነኝ። እህቴ ሴጋሜትሲ እያነበበችልሽ «አስጽፎ ነው» ብትልሽ አትስሚያት። የማታ ትምህርቱን ጨርሼ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ስንት ነበራችሁ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁኝ። አስተማሪያችን «ማሲሎ፣ ፊደልህ እንደ በሬ ቀንድ ነው፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ» ብላኛለች። እኔ እንደ ምስጋና ወስጄዋለሁ፤ በሬ ያለ ቀንድ ምን ያምራል?

ከጌታዬ ከብቶች ጋር ስለምትውለው ላማችን ስለ ፓትሽዋና ጠይቀሽኝ ነበር። ለታናሽ ወንድሜ ለቱሜሎ ጥሎሽ ከነጥጃዋ የምትነዳው እሷ ናትና እንቅልፍ እንደነሳሽ አውቃለሁ። ስለዚህ የሆነውን ሳልሸሽግ ልንገርሽ።

እንደምታውቂው እዚህ ከብት የሚከተል እረኛ የለም። ላሞቹ ወደ ፈለጉበት ይሰማራሉ፤ ጥጆቹን ግን ውሃው አጠገብ በረት ውስጥ እንዘጋባቸዋለን። ላሟ የትም ብትርቅ ጡቷ ሲሞላ ወደ ጥጃዋ ትመለሳለች፤ ያን ጊዜ ውሃዋንም ትጠጣለች። የእኔ ሥራ ከጉድጓዱ ውሃ የሚስበውን ሞተር ማስነሳትና ገንዳውን መሙላት ነው። በዚህ ሥራ በጋንዚ ምድር የሚስተካከለኝ የለም ስል ኖሬ፣ ባለፈው ሰሞን ሞተሩ ነከሰና ቀጥ አለ። ጌታችን አቶ ሞሴኪ መለዋወጫ ፍለጋ ከተማ እንደሄዱ አልተመለሱም። ታንከሩ ውስጥ የቀረችው ውሃም አለቀች። ላሞቹ ደረቁን ገንዳ እየላሱ ሲጮሁ ሰማይ ቤት ድረስ ይሰማል።

ከሥራ ባልደረባዬ ከሽማግሌው ባሩቲ ጋር መክረን ወደ ጎረቤታችን ወደ እመት ኬሌቦኜ ጉድጓድ ልንነዳቸው ተነሳን። መንገዱ ግማሽ ቀን ያስኬዳል፤ አሸዋ ብቻ ነው። «ጥጆቹ አይችሉትም፤ በረት ይቆዩ» አልኩ። ባሩቲ «ጭንቅላት ማለት ይኼ ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት። እማዬ፣ እኩለ መንገድ ላይ ፓትሽዋና ቆመች፤ ዞረች፤ እምቧ አለች። ሁሉም ተከትለዋት ወደ ጥጆቻቸው፣ ወደዚያው ደረቅ ገንዳ ተመለሱ። ጅራፉም ስድቡም ከቁም ነገር አልገባም። ባሩቲ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ «እንግዲህ አንተ የተማርከው፣ ደብዳቤ ጻፍላቸውና ይምጡልህ» አለኝ። «ጭንቅላት ማለት ይኼ ነው ያለው ማን ነበር?» ስለው፣ «እኔማ መሃይም ነኝ፤ የመሃይም ምስክርነት መች ይቆጠራል» አለኝ እልሻለሁ።

በማግስቱ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ደካሞቹን ጥጆች በአህያ ጋሪ ጭነን፣ ጠንከር ያሉትን ከፊት እየነዳን ወጣን። ጥጃ ሲጮህ ላም ትከተላለች፤ ጅራፍ እንኳ አላነሳንም። ግን የፊተኛው ከንቱ መንገድ ጉልበታቸውን በልቶት ነበር። ከአቶ ሞሴኪ ላሞች ጥቂቶቹ እዚያው አሸዋው ላይ ቀሩ። ስንደርስ እመት ኬሌቦኜ በራቸው ላይ ቆመው «የማሲሎ ሞተር አይቆምም እያልክ አገር ስታደነቁር የከረምከው አንተ አይደለህም?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። «በል ጥቂት ጥቂት እያደረግህ አስገባቸው፤ ገንዳዬን ተረባርበው እንዳይሰብሩብኝ» ብለው ከፈቱልን። እግዜር ይስጣቸው።

ፓትሽዋና ገንዳው እየታያት ወደቀች። በባልዲ እየተመላለስኩ አጠጣኋት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ባሩቲ ከቀንዷ፣ እኔ ከጭራዋ ይዘን እናቆማታለን፤ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ትቆምና መልሳ ትተኛለች። ወተቷ ነጥፏል፤ ጥጃዋን እመት ኬሌቦኜ ከሌላ ላም እያስጠቡልን ነው። ክንዴ ዝሏል፤ ወገቤ የሌላ ሰው ወገብ ይመስለኛል። ቀልዱ እንኳ እየደከመኝ ነው የሚወጣው።

ዛሬ ልናቆማት ስንሄድ ግን ራሷን ችላ ቆማ አገኘናት። አትሞትም፤ አሁን ይህን ልጽፍልሽ እደፍራለሁ። ነገር ግን ጎድኗ እንዲህ እየተቆጠረ ለጥሎሽ ብትነዳ መንገዱን አትጨርሰውም፤ ብትጨርሰውም አማቶቻችን ፊት ታሳፍረናለች። ስለዚህ ሠርጉ ዝናብ እስኪጥልና ሣር እስኪያቆጠቁጥ ይቆይ። አጎቴ ሞዲሴ ለልጅቷ ዘመዶች በደንብ አድርገው ያስረዱልን፤ ጥፋቱም የእኔ ነው ይበሏቸው።

አጎቴን ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በይልኝ። አክስቴን ያን የማሽላ ገንፎዋን በሕልሜ እየበላሁት ነው በያት። ሴጋሜትሲን ስላነበበችልሽ አመስግኚልኝ። ልጆቿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ቱሜሎን ከሁሉ በኋላ ሰላም በይው፤ የሠርጉን መቆየት ስትነግሪው ግን በደንብ ከበላ በኋላ ይሁን።

ልጅሽ ማሲሎ
ከእመት ኬሌቦኜ ጉድጓድ፣ ጋንዚ
ኦክቶበር 14 ቀን 1985