የሐሙስ ከሰዓት ዜሮ

ሰኞ

አለቃዬ ሪፖርቴን ሳያነብ ወደደው። ያየው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው፦ ሐሙስ ከሰዓት፣ በተማሪዎች ምዝገባ፣ የኮሌጁ ሰርቨሮች ላይ ጫና አይኖርም፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። የሦስት ዓመት መዝገብ አበጥሬ የሠራሁት ትንበያ ነው። "እንግዲያው ሁለተኛውን ለቡታጅራ ቅርንጫፍ እንልከዋለን" አለ። ኮንትራቴ በዚህ ወር ያልቃል። ትንበያው ከሠመረ ቋሚ ትሆኛለሽ ብሎኛል። ከጉብሬ ወልቂጤ እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ማክሰኞ

ለጄኔሬተሩ ኃላፊ ለጋሼ ሸረፋ "ሐሙስ ከሰዓት እኮ ተማሪ አይመዘገብም" ብዬ ስኩራራ ሳቁብኝ።

"በምን መብራት ይመዝገብ ልጄ? ሐሙስ መብራት የሚጠፋበት ፈረቃችን አልነበር እንዴ! ወላሂ፣ ናፍጣም አልነበረኝም።"

መብራት የጠፋበትን ሁሉ የጻፉበትን ደብተር አወጡ። ክው አልኩ። መዝገቡ ላይ ያለውን ዜሮ ሁሉ "ሰው የለም" ብዬ ነው ለትንበያው ሞዴል ያስተማርኩት። ሰው ነበር፤ መብራት ነው ያልነበረው። ዘንድሮ ደግሞ ፈረቃው ቀርቷል። በሻማ አጥንቼ ያደግኩ ሰው እንዴት ይህ ይጠፋኛል? ደደብ!

ረቡዕ

የጨለማውን ሰዓት አውጥቼ እንደገና አሰላሁ። የሐሙስ ጫና ከአንድ ሰርቨር አቅም በላይ ነው። ወደ አለቃዬ ቢሮ ሮጥኩ። "ስህተቱ የኔ ነው፣ እባክዎ ሰርቨሩ አይሂድ" አልኩት።

"ሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ሌላ! ጠንቋይ ነሽ ወይስ ባለሙያ?"

ደብዳቤው ተፈርሟል፣ መኪናም ተመድቧል አለኝ። በፍራሽ ጠቅልለው ፒካፕ ላይ ሲጭኑት ቆሜ አየሁ። 

ሐሙስ

መብራት አልጠፋም። ዛሬ እንኳ ቢጠፋ ምናለበት! ስምንት ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ተንቀራፈፈ፣ ዘጠኝ ሳይሞላ ቀጥ አለ። አንዷ ተማሪ "እትዬ፣ የጉንችሬ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው" እያለች ታለቅሳለች። አለቃዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጣቱን ቀሰረብኝ፦ "የሷ ትንበያ ነው!" የትናንቱን አንድ ቃል አላነሳም። አያፍርም እኮ!

ዓርብ

"ጥፋቱ የደረሰው በኔ ቸልተኝነት ብቻ ነው" ብለሽ ጽፈሽ ፈርሚ፣ ኮንትራትሽ ይታደሳል አለኝ አለቃዬ።

ጻፍኩ። ስህተቴን አልደበቅኩም። ረቡዕ ቢሮው ገብቼ ያልኩትን፣ እሱም የመለሰልኝን ከነሰዓቱ ጻፍኩ። "ብቻ" የሚለውን ግን አላስገባሁም። መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጅ አንብባ ቀና ብላ አየችኝ፤ የገቢ ደብዳቤ ማኅተሙን መታችበት።

 ሰኞ በበሩ ያሳልፉኝ ይሆን? እንጃ።