ሽማግሌው ያወቁት መንደር

...ጭነት መኪናው ላይ፣ ከጆንያዎቹ በላይ ተቀምጠን፣ አባባ የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፉ እየደበደበ «ወራጅ አለ!» ያለ ቀን። ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ ባዶ ሜዳ። አንቺ ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽኛል። መኪናው ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶብኛል። ወረድን? ወይስ ሾፌሩ ተቆጥቶ ነዳው? አንቺ ታስታውሺ ይሆናል።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳልስ ተወሽ? ጋሼስ ደህና ነው? ትንሿ ልጃችሁስ ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው? የአባባን ነገር አልጠይቅሽም፣ ጽፈሽልኛል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ፣ የሚያመኝን ቦታ ፈልጌ አጣሁት ማለቴ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ከቆመ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ፣ እንግዶቼን እየጠበቅሁ ነው። ደብዳቤሽ ከደረት ኪሴ አልወጣም። አባባ በየጠዋቱ ካፖርቱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላል ብለሻል። ቤቱ ከፈረሰ፣ በላዩም ላይ መንገድ ካለፈበት ስንት ዘመን። አንድ ቀን ነገርሽው፤ መርዶ እንደተረዳ ሰው አለቀሰ። በማግስቱ ረሳውና ካፖርቱን ለበሰ። ጋሼ «እውነቱ ይነገረውና ይረፍ» ይላል፤ አንቺ ደግሞ በየቀኑ መርዶ ነጋሪ መሆን አቃተሽ። «ወንድሜ፣ እኔ መንታ መንገድ ላይ ቆሜአለሁ፤ አንተ ቁረጥልኝ» ብለሽ ጻፍሽ። እኔ ግን ከዚህ ሆኜ ምን እንደምቆርጥ አላውቅም ነበር።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ከሾፌሩ ጎን ፊቴን ወደ እንግዶቹ አዙሬ እቀመጥና ማይክሮፎን ይዤ ተራራውን አሳያለሁ። አፌ መንገዱን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ኩርባው ሲመጣ «አሁን ወደ ግራ ተመልከቱ» ይላል፤ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ። ገደል ላይ የተንጠለጠሉ መንደሮች አሉ፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ወንዙ ከታች እንደ ክር ይታያል። ድሮ አንገቴን አስግጌ አያቸው ነበር። አሁን የግድግዳ ሥዕል ነው የሚመስለኝ። ሾፌሩን «ፍሬን» ነው የምንለው፤ መርገጥ ስለማይወድ።

በዚህ ጉዞ እንግዶቼ ሁለት ብቻ ናቸው። አንድ ሽማግሌና ሴት ልጃቸው። ሽማግሌው የተወለዱት በመንገዳችን መጨረሻ ባለው መንደር ነው፤ ልጅ ሳሉ እንደወጡ አልተመለሱም። ልጃቸው ነዳጅ ስንቀዳ ወደ ጎን ሳበችኝና «የእኔን ስም ይረሳል፣ ያንን መንደር ግን አልረሳም። ዓይኑ ሳይከደን አንድ ጊዜ ይየው ብዬ ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ማልቀስ ያለብኝ ቦታ መሰለኝ፤ ግን ምንም አልመጣም።

ሽማግሌው ተራራ አላዩም፣ ወንዝ አላዩም። በየኩርባው «ደረስን?» ይላሉ። ፍሬን በመጨረሻ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ገደሉ ሥር የዛገ የጭነት መኪና አሳያቸውና «አባቴ፣ ተራራ ላይ አይቸኮልም። የቸኮለው ያውልዎት» አላቸው። ሳቁ። ሲስቁ አባባን መሰሉኝ፤ ዞር አልኩ።

ከመጨረሻው መገንጠያ ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘግቶታል። ቀይ ጨርቅ የያዘው የመንገድ ሠራተኛ «በዚህ ሳምንት አይታሰብም፣ ተመለሱ» አለን። እትዬ፣ በእኛ ሥራ አንድ ልማድ አለ። መንገድ ሲዘጋ እንግዳ አይመለስም፤ ወደ ጎረቤት መንደር ይወሰድና የዚያኛው ስም ለዚህኛው ይሰጣል። ሁሉም ድንጋይ ነው፣ ሁሉም ጭስ ነው፤ እስከ ዛሬ ያወቀብን የለም። ግን ለአገር ጎብኚ እንጂ ለተወላጅ ተደርጎ አያውቅም። ፍሬን አላማከረኝም፤ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። ልጃቸው ከኋላ አንቀላፍታለች። ላስቆመው እችል ነበር። ማይክሮፎኑን አንስቼ «ደረስን» አልኩ፤ የሽማግሌውንም መንደር ስም ጠራሁ። ድምፄ እንደ ወትሮው ነበር።

ወረዱ። ሊነቃብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ስለ ናዳው የምናገረውንም አፌ ውስጥ አዘጋጀሁ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። የመንገድ ዳሩን ግንብ ዳሰሱና «ይቺ እናቴ የምትደገፋት ናት» አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ፊት ፊት ሄዱ። ጉድጓድ ፈለጉ፤ ሲያጡት «ደፍነውታል» አሉ። ዛፍ ፈለጉ፤ «ቆርጠውታል» አሉ። የሌለውን ሁሉ ሰው ወሰደው እንጂ ቦታው ተሳስቷል አላሉም። ልጃቸው እያለቀሰች እጄን ያዘችኝና «እግዜር ይስጥልን፣ ወንድሜ» አለችኝ። እጄ በእጇ ውስጥ የተዋስኩት ዕቃ መሰለኝ። ፍሬን «እሰይ፣ ሁሉም ደስ አለው» አለና ጎማ ሊመታ ሄደ። ፊቱ ላይ ግን ደስታ አላየሁም።

ሽማግሌው ከአንድ ቤት ፊት ቆሙ። አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ የበግ ሱፍ ታጥባለች። «መጣሁ» አሏት። ቀና ብላ እሳቸውን አየች፣ ልጃቸውን አየች፣ ከዚያ እኔን። እጇን በሽርጧ ጠረገችና «ምነው ቆዩብን! ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አለች።

ስለዚህ እትዬ፣ ቁረጥልኝ ብለሻልና ይኸው። አትንገሪው። ካፖርቱን ሲለብስ አንቺም ነጠላሽን ልበሺና ይዘሽው ውጪ። አንድ አጥር አሳዪው። እሱ ያውቀዋል።

ጋሼን ጉልበቱን ስሜልሃለሁ በይልኝ፤ በምክሩ ስላልሄድኩም አይቀየመኝ። ትንሿን ድዷን ሳሚልኝ። አባባን ስሜን ሳትነግሪው ሳሚልኝ፤ ማን ላከው ብሎ እንዳይጨነቅ። ለራስሽም ጋቢ ደርቢ።

ከተራራው መንገድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ።

ወረቀቱን አጥፌው ነበር፤ መልሼ ዘረጋሁት። ያልነገርኩሽ ቀርቷል፤ ሳልነግርሽ እንድትወስኚ ማድረግ ደግሞ አልሆንልኝ አለ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የበሩን መድረክ ተሻገሩ። ልጃቸው ዱላቸውን እንደያዘች ልትከተል ስትል ዞር አሉና መዳፋቸውን ደረቷ ላይ አድርገው አቆሟት። በትሕትና፣ እንደማያውቋት ሴት፣ «እርስዎ እዚህ ይጠብቁ፣ እመቤት። እኔ ቤቴ ገብቻለሁ» አሏት። በሩን ከውስጥ ራሳቸው ዘጉት።