የእማዬ ክፍል ግድግዳ

ሐምሌ 14፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት እማዬን ክፍሏ ውስጥ ወድቃ አገኘኋት። ቁርሷን ይዤ ስገባ አልጋዋ ሥር ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች። እግሯ በረዶ ሆኗል። እኔ እኮ ከችፑዱ ግድግዳ ወዲህ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ግድግዳውን ድርብ አሠርቼ መኻሉን በድንጋይ ሱፍ ያስሞላሁት ባለፈው ወር ነው። አናጢው ጥሩውንም መጥፎውንም አልደበቀኝም። «ብርድ ያግዳል፣ እሳት አይበላውም። ውኃ ከነካው ግን አይረባም፤ በባዶ እጅህም እንዳትነካው፣ ያሳክካል» አለኝ። ቀጥሎ «ድምፅም አያሳልፍም» ሲለኝ፣ ወዲያው «በል ጀምር» አልኩት።

ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ «የኮልፌ ብርድ እንዳይጎዳት ብዬ ነው» አልኩ። እሷም ለጎረቤቱ «ልጄ ሙቀት ገዛልኝ» እያለች ስትመርቀኝ ከረመች። ክፍሉ እውነትም ሞቋል። እኔ ግን የሸሸሁት ሳሏን ነበር። እሷ ስትስል እኔ ሳልተኛ ይነጋል፤ መረረኝ። ሱፉ ከገባ ወዲህ እንደ ልጅ ነው የምተኛው።

አቅፌ አነሳኋትና አልጋዋ ላይ አስቀመጥኳት። ከወደቀች ቆይታለች፤ የወደቀችው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው።

«ለምን አልጠራሽኝም እማዬ?» አልኳት።

«ስትለፋ ውለህ ነው የምትገባው፣ ትንሽ ይተኛ ብዬ ነው» አለችኝ።

ትናንት ማታ ደህና እደሪ ስላት ድምጿ ደህና ነበር። ዛሬ ይህን ስትለኝ ግን ሲጣራ እንደቆየ ሰው ድምጿ ተዘግቶ፣ በሹክሹክታ ነው።