መረቅ ያልገባበት ምስር

ለእማዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው? የአባዬስ ሳል ለቀቀው? ታናሼ ይህን ስታነብልሽ እንደ ልማዷ ያልወደደችውን እየዘለለች እንዳይሆን፤ ዛሬ አንድም መስመር አትዝለል። እኔ ደኅና ነኝ፤ የተቃጠለው አውራ ጣቴ እንኳ ሽሯል። ናፍቆታችሁ ነው አልሽር ያለኝ።

ብርድ ልብሴን አጥበሽ አልጋዬን እንዳነጠፍሽልኝ ታናሼ ጽፋልኛለች። ዘንድሮ እመጣለሁ ብዬ ተስፋ የሰጠኋችሁ እኔው ነኝ። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ሥጋ የማይበሉ አራት እንግዶች እንደሚመጡ፣ ደስ ብሏቸው ከሄዱ ዋና ሼፍ እንደምታደርገኝ፣ ዋና ሼፍ ደግሞ በዓመት የአንድ ወር ዕረፍት እንዳለው ነግራኝ ነበር። ካየሁሽ አራት ዓመት ሞላኝ እኮ።

ሦስት ቀን ስዘጋጅ ከረምኩ። መጥበሻውን ሁለቴ አጠብኩ፣ የዘይቱ ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር አነበብኩ። ዱባና ድንች ጠበስኩ፤ ለምስሩ ሽንኩርቱን እስኪሟሟ ድረስ በዝግታ አቁላላሁ። አብራኝ የምትሠራው፣ ጨው ስለምታበዛ «ባሕሯ» የምንላት፣ ለሙሽራ ነው እንዴ እያለች ስትስቅብኝ ዋለች።

አስተናጋጁ ምስሩን ይዞ ከወጣ በኋላ ዓይኔ ጭልፋው ላይ ዐረፈ። የአጥንት መረቁ ድስት ላይ ተጋድሟል፣ ገና ያንጠባጥባል። እማዬ፣ ያንቺን ነገር ታውቂያለሽ፤ አንቺ ቤት አንድ ጭልፋ መረቅ ሳይጨመርበት የወረደ ድስት የለም። እኔም ሳላስበው፣ ልክ እንዳንቺ፣ ከጎን ከሚንተከተከው ቀድቼ ምስሩ ላይ ገልብጬበታለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። አልዋሽሽም፣ ለአፍታ ያህል ዝም ልል አስቤያለሁ። ያጠብሽው ብርድ ልብስ ነው ፊቴ የመጣው።

ሮጬ ወጣሁ። ትልቋ እንግዳ፣ ያንቺ እኩያ ናቸው፣ ማንኪያቸውን አንስተው ነበር። «እማማ፣ አይቅመሱት፤ መረቅ ገብቶበታል። የጨመርኩትም እኔ ነኝ» አልኳቸው። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ሥጋ ካቆሙ ሠላሳ ዓመት እንዳለፋቸው ነገሩኝ። ከዚያ «እንጠብቅሻለን፣ ልጄ» አሉኝ። በሌላ ድስት እንደገና ሠራሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቀው በሉ፣ ጨምረውም በሉ። ሲሄዱ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ፤ እናቴ ናት አልኳቸው። መረቁንም፣ ሮጦ መናገሩንም ማለቴ ነበር።

የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ግን እጇ የሚሠራውን ለማታውቅ ሰው ወጥ ቤቴን አልሰጥም አለች። እውነቷን ነው። ሹመቱ ለባሕሯ ሆነ፤ እንግዲህ እንግዶቻችን ውሃ በብዛት ይጠጣሉ። እና እማዬ፣ ዘንድሮ አልመጣም። ይህን ሁሉ የዞርኩት ይህችን አንድ መስመር መጻፍ አቅቶኝ ነው።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ሳሉንም ችላ እንዳይለው። ታናሼን ሳትዘልል ስላነበበች አመስግኚልኝ። አክስቴን፣ ከታች ያለውን ልብስ ሰፊም ሰላም በይልኝ። አንቺ ደግሞ ብርድ ልብሱን እጠፊው እንጂ ከአልጋዬ ላይ አታንሺብኝ።

ልጅሽ
ከማረፊያ ቤቱ ወጥ ቤት፣ ግንቦት 17 ቀን